ለሒሳብ ሊቃውንት ምን ይዞ መሄድ ይሻላል?

የዓለም አቀፍ የሒሳብ ጉባኤ አዘጋጆች ለድርጅቶች የሚልኩት የዐውደ ርዕይና የማስታወቂያ ጥሪ ብዙውን ጊዜ መልኩ አንድ ነው። ፕላቲኒየም፣ ወርቅ፣ ብር፣ ነሐስ እያለ የስፖንሰርነት ደረጃውን ይደረድራል፤ በየደረጃው አርማችሁ የት የት እንደሚለጠፍ ይነግራችኋል። ወረድ ሲል የቡዝ፣ ማለትም የዐውደ ርዕይ መቆሚያ ቦታ፣ ዋጋ ይመጣል፤ ከዚያ የፕሮግራም መጽሔቱ የማስታወቂያ ገጽ ዋጋ፣ በተሳታፊው ቦርሳ ውስጥ ወረቀት የማስገቢያ ዋጋ፣ የባጅ ማንጠልጠያው ላይ ስም የማሳተሚያ ዋጋ። በመጨረሻ የሚሞላ ቅጽ። እንዲህ ያለ ጥሪ ሰሞኑን እጄ ገብቶ ደጋግሜ አነበብኩት። ደብረ ብርሃን ጠባሴ ውስጥ ከወንድሟ ጋር የእንጨት ሥራ ቤት ላላት ሴት የተጻፈ እንደማይመስል አውቃለሁ። ቢሆንም ሙያችንን ይዘን መቆም የሚገባን ቦታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምን ገዝተን፣ ምን ትተን፣ ምን ይዘን እንደሆነ ያሰብኩትን ልጻፈው።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ። አሁን ወንድሜ መጋዙን፣ እኔ ልኩን ይዘን ለትምህርት ቤቶች መርጃ መሣሪያ እንሠራለን፤ የክፍልፋይ ክብ፣ ጂኦቦርድ (ክር የሚወጠርበት ባለ ችንካር ሰሌዳ)፣ ሾጣጣ፣ ፒራሚድ፣ ለትንንሾቹ መቁጠሪያ። ዕቃችን ባሶና ወራናም፣ አንጎለላና ጠራም፣ መሐል ሜዳም ይገኛል። አስተማሪ ከሆነ ሰው ጋር ስንነጋገር ዋጋ የምንከራከረው በመጨረሻ ነው፤ በፊት ዕቃውን በእጁ ያገላብጠዋል፣ ሳያስበው መጫወት ይጀምራል፣ ከዚያ “ይሄን ስድስተኛ ክፍል ላይ እንዲህ ባደርገው…” ይላል። ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የሚመጣውም ሰው ይኸው ሰው ነው። ፕሮፌሰር ይሁን እንጂ ተማሪ አለው፣ ቤቱ ልጅ አለው።

ጉባኤ ሲባል ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ይህን መለየት ግድ ነው። ትልቁና ስመ ጥሩ የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ነው። እ.ኤ.አ. በ1897 ዙሪክ ላይ ተጀመረ፤ በየአራት ዓመቱ ይካሄዳል፤ በሒሳብ ትልቅ ከሚባሉት ሽልማቶች አንዱ የሆነው የፊልድስ ሜዳልያ የሚሰጠው እዚያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሴኡል፣ በ2018 ሪዮ ዴ ጃኔሮ ተካሂዷል፤ የ2026ቱ የተመደበው ለፊላዴልፊያ ነው። አፍሪካ ምድር ላይ ተደርጎ አያውቅም። ከሱ ሌላ የሒሳብ ትምህርት ዓለም አቀፍ ጉባኤ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1969 ሊዮን ላይ የጀመረ፣ በ2024 ሲድኒ ላይ የተካሄደ፣ ቀጣዩ በ2028 ለፕራግ የተቀጠረ። ይሄኛው የአስተማሪዎችና የመምህራን አሠልጣኞች ነው። በተጨማሪም አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የአገሪቱ የሒሳብ ማኅበራት በጋራ የሚያደርጉት ስብሰባ አለ፤ የዐውደ ርዕይ አዳራሹ ሰፊ ነው፣ አሳታሚውም ሶፍትዌር ሻጩም እዚያ ይሰለፋል።

ሦስቱ አንድ ዓይነት ገዢ የላቸውም። የመጀመሪያው ጉባኤ ላይ ያለው ተመራማሪ መጽሐፍ ይገዛል፣ ከአሳታሚው አርታዒ ጋር ስለሚጽፈው መጽሐፍ ይነጋገራል። ስለዚህ ስፕሪንገር ወይም የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት እዚያ ቢቆም የሚሸጠው መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የሚያገኘው ደራሲም ጭምር ነው። እንደኛ መርጃ መሣሪያ የሚሠራ ሰው ግን የትምህርቱን ጉባኤ ቢያስቀድም ይሻለዋል። እዚያ የሚመጣው ሰው “ይሄን ለአርባ ተማሪ እንዴት አዳርሰዋለሁ?” ብሎ የሚጠይቅ ነው፤ የኛም ሥራ መልስ ያለው ለዚህ ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ አዳራሹ እንግባ። ከሄዱ መምህራን ጠይቄ የተረዳሁት ትልቁ ነገር የዐውደ ርዕይ አዳራሽ ቀኑን ሙሉ ሰው እንደማይኖረው ነው። ጉባኤተኛው በየክፍሉ ተበትኖ ጥናት ሲያዳምጥ አዳራሹ ጭር ይላል። የሻይ ዕረፍት ሲደርስ ግን በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ አዘጋጆቹም ይህን ስለሚያውቁ ቡናውንና ሻዩን፣ የፖስተር ጥናቶቹንም ጭምር እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያስቀምጣሉ። ስለዚህ የአዳራሹ ካርታ ሲላክላችሁ መግቢያውን በር አትፈልጉ፤ ቡናው የሚቀዳበትን ፈልጉ። ጥግ ላይ ያለ ቡዝ በሁለት በኩል ክፍት ስለሆነ ዋጋው ይጨምራል፤ ቡናው አጠገብ ያለ ተራ ቡዝ ግን ከሩቅ ጥግ ይበልጣል ባይ ነኝ።

ከዚህ የሚከተል ሌላ ነገር አለ፣ እኔንም ብዙ ያሳሰበኝ እሱ ነው። በሻይ ዕረፍት የሚመጣ ሰው አንድ እጁ ስኒ ይዟል። ሁለት እጅ የሚፈልግ ዕቃ ካቀረባችሁለት ፈገግ ብሎ ያልፋል። ስኒውን የሚያስቀምጥበት ቦታ ፍለጋ ዓይኑን ሲያንከራትት ዕረፍቱ ያልቃል። ስለዚህ የምንሠራው ነገር ጠረጴዛው ላይ በሞርሳ የታሰረ፣ በአንድ እጅ የሚሞከር መሆን አለበት።

ስለ ማስታወቂያ ደግሞ አቋሜን በግልጽ ልናገር፤ ትንሽ አቅም ላለው ሰው የመጽሔት ገጽ አይመከርም። የኋላ ሽፋኑ ወይም የውስጥ ሽፋኑ ዓመት ሙሉ ስሙ እንዲታወስ ለሚፈልግ ትልቅ አሳታሚ ይጠቅመዋል። እኛን ግን ማንም ስለማያውቀን በስማችን ብቻ የሚቆም ሰው የለም። ቦርሳ ውስጥ የሚገባው ወረቀት ከሌሎች ብዙ ወረቀቶች ጋር ሆቴል ክፍል ውስጥ ይቀራል። የሻይ ዕረፍት ስፖንሰር መሆን፣ የዋይፋይ የይለፍ ቃሉን በድርጅት ስም ማድረግ፣ የጉባኤው መተግበሪያ ላይ ባነር ማሳየት፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ላለው ጥሩ ናቸው። የግድ ገጽ የሚገዛ ካለ ግን ቢያንስ ፋይሉን እንደሚገባ ያዘጋጅ፦ ምስሉ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ ቀለሙ በሲኤምዋይኬ (በኅትመት አራት ቀለም ቅንብር)፣ ከመቁረጫው ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ። ስልክ ላይ የሚያምር ፎቶ ሲታተም ደብዝዞ ሊወጣ ስለሚችል ይህን አስቀድሞ ከአታሚ ጋር መጨረስ ይበጃል።

የሒሳብ ሰው በማስታወቂያ አይማረክም ማለቴ ግን አይደለም። የሚማረክበት መንገድ ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2004 ካሊፎርኒያ ውስጥ አውራ ጎዳና ዳር አንድ ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ ተሰቅሎ ነበር። የድርጅት ስም የለበትም፤ ሥዕል የለበትም። የተጻፈው “በኢ አሐዞች ውስጥ ተከታትሎ የሚገኘው የመጀመሪያው ባለ 10 አሐዝ ብቸኛ ቁጥር” የሚል ሐረግና ከኋላው የድረ ገጽ ቅጥያ ብቻ ነው። ኢ የሚባለው በ2.718 የሚጀምረው ቁጥር ነው፤ ብቸኛ ቁጥር ደግሞ ከአንድና ከራሱ በቀር ሌላ የማያካፍለው። ጥያቄውን የፈታ ሰው 7427466391 ላይ ይደርስና ያንን ቁጥር ድረ ገጽ አድርጎ ሲከፍት ሌላ ጥያቄ ይጠብቀዋል፤ እሱንም ከፈታ የሥራ ማመልከቻ ቦታ ላይ ይደርሳል። ማስታወቂያውን ያሠራው ጉግል ነበር። ሐሳቡን ሳስበው አሁንም ደስ ይለኛል፤ የሚፈልጉትን ሰው ከሌላው የለየላቸው ራሱ ጥያቄው ነው።

ሃጎሮሞ የሚባለውን የጃፓን ጠመኔም አስቡት። ድምፁ ልስልስ፣ አቧራው ትንሽ ነው ይባልለታል። የዓለም የሒሳብ ሊቃውንት አንዱ ለሌላው እየነገረ ነው ዝናው የተዳረሰው። ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ሥራ ሊያቆም መሆኑ ሲሰማ ፕሮፌሰሮች ለዓመታት የሚበቃቸውን በካርቶን እየገዙ አከማቹ፤ በኋላ አንድ የኮሪያ ድርጅት ማሽኑን ገዝቶ ማምረቱን ቀጠለ። ዕድሜዬን በጠመኔ አቧራ ውስጥ ስላሳለፍኩ ይህ ታሪክ ይገባኛል። ጠመኔው ተይዞ፣ ተጽፎበት፣ ልዩነቱ በጣት ታውቆ ነው ከአፍ ወደ አፍ የሄደው።

ሌላም ማወቅ የሚገባ ነገር አለ፤ እነዚህ ሰዎች ስለ ዋጋ ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 የፊልድስ ሜዳልያ ተሸላሚው ቲሞቲ ጋወርስ በአንድ ትልቅ የሳይንስ መጽሔቶች አሳታሚ ዋጋ ተማርሮ ከእንግዲህ አብሬ አልሠራም ሲል ከ10,000 በላይ ተመራማሪ ፊርማውን አኑሮ ተከትሎታል። ስለዚህ ቡዝ ላይ የምናቀርበው ዕቃ ዋጋው ግልጽ ይሁን። ከተቻለም አሠራሩ የተሳለበት ንድፍ በነፃ ይሰጥ፤ ራሱ መሥራት የሚፈልግ አገሩ ሄዶ ይሥራው። ወንድሜ በዚህ ላይ አይስማማም፤ “ንድፉን ሰጥተሽ ምን ልትሸጪ ነው?” ይላል። እኔ የምለው አስተማሪ ንድፉን ወስዶ አንዱን ይሠራል፣ አርባ ሲያስፈልገው ግን ያዝዛል ነው።

እንግዲህ ምን ይዘን እንሂድ? እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ጀርመናዊው ሊቅ ዳቪድ ሂልበርት የቆመው ያልተፈቱ ጥያቄዎች ይዞ ነው፤ 10ሩን በንግግሩ አቀረበ፣ በጽሑፉ 23 አደረሳቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሒሳቡን መንገድ አስያዙት። እኛም ጠረጴዛችን ላይ ማስቀመጥ ያለብን ጥያቄ ነው፤ ያውም እኛ ዘንድ ኖሮ ሌላው ያልለመደው። ለኔ ይህ የጾምና የበዓል ቀን የሚወጣበት የቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው።

የሠራነው ሰሌዳ እንዲህ ነው። ከ9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ የተቆረጠ፣ ወርዱ 45 ሳንቲሜትር የሆነ ክብ። ዙሪያውን በእኩል ርቀት 30 የእንጨት ችንካር ተተክሎበታል። ችንካሩ ባሕር ዛፍ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ስለሚሰነጠቅ ጣሪያ ሥር አቆይተነዋል። በየችንካሩ ሥር በጋለ ብረት ከ፩ እስከ ፴ የግዕዝ ቁጥር ተጽፏል፤ ፴ ላይ ያለው ችንካር አልቦም (ዜሮም) ሆኖ ያገለግላል። ከሱ ላይ አንድ ክር ተነስቶ በእንዝርት ይያዛል። ክሩ የመንዝ በግ ጠጉር ነው፣ መንዝ ላይ የተፈተለ። መጀመሪያ የጥጥ ክር ሞከርን፤ ችንካሩ ላይ ይንሸራተታል። ጠጉሩ ግን ሸካራ ስለሆነ አንዴ ከዞረ ይይዛል፣ ሰውም ሌላ እጁን ሳያስነካ እንዝርቱን ብቻ እያዞረ መሄድ ይችላል። የስኒው ችግር በዚህ ተፈታ።

ጨዋታው ክሩን በየ11 ማዝለል ነው። ከአልቦ ወደ 11፣ ወደ 22፣ ከዚያ 33 ሠላሳውን ሲጥል 3፣ ከዚያ 14፣ 25፣ 6 እያለ ይሄዳል። 11 የሆነበት ምክንያት የጨረቃ ዓመት 354 ቀን፣ የፀሐይ ዓመት 365 ስለሆነ ነው፤ በየዓመቱ ጨረቃ 11 ቀን ትቀድማለች። ይህ የሚጠራቀመው ቁጥር አበቅቴ ነው። 19 ዓመት ሲሞላ ፀሐይና ጨረቃ ተመልሰው ስለሚገናኙ ክሩ 19 ጊዜ ዘሎ ወደ አልቦ መመለስ አለበት። እዚህ ላይ ነው ሒሳብ የሚወድ ሰው የሚቆመው። በ18ኛው ዝላይ ክሩ 18 ላይ ይደርሳል። 18 እና 11 ደግሞ 29 ነው። አንድ ጎደለ! ወደ ሠላሳ ለመግባት የመጨረሻው ዝላይ 12 መሆን አለበት። 19 ጊዜ 11 ማለት 209፣ ሰባት ዙር ሠላሳ ደግሞ 210 ስለሆነ ነው ነገሩ። ክሩ ሲጠናቀቅ ሰሌዳው ላይ ኮከብ የመሰለ መረብ ይታያል፤ 19 ችንካር ተነክቷል፣ 11 ችንካር ሳይነካ ቀርቷል።

አበቅቴን ከሠላሳ ስትቀንሱ መጥቅዕን፣ ማለትም የዓመቱ የጾምና የበዓል ቆጠራ የሚነሳበትን ቀን ታገኛላችሁ፤ ስለዚህ ያው ክር ወደ ኋላ ሲቆጠር መጥቅዕን ያነባል። በየ19 መዝለልና በየ11 ወደ ኋላ መመለስ በሠላሳ ክብ ላይ አንድ ናቸውና። መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በመስከረም፣ ካነሰ በጥቅምት እንደሚውል የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። “14 ራሱ ቢሆንስ?” ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን ሰሌዳው ላይ ያየዋል፤ መጥቅዕ 14 እንዲሆን አበቅቴ 16 መሆን አለበት፣ 16ኛው ችንካር ደግሞ ክር ካልነካቸው 11 አንዱ ነው። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

የሚፈልግ ሰው የዘንድሮን ዓመት እንዳሻው ይሞክር፤ እኔ ለማሳያ የምጠቀመው 2018ን ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት የሚቆጠረው 5500 ዘመን ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፣ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ (ከ19 ዓመቱ ዙር ያለፈው ዓመት ብዛት) 12። በ11 ሲባዛ 132፣ በሠላሳ ሲገደፍ አበቅቴ 12፤ መጥቅዕ 18። መስከረም 18 እሑድ ዋለ፤ የእሑድ ተውሳክ፣ ማለትም ለዕለቱ የተመደበው ተጨማሪ ቁጥር፣ 7 ሲጨመር 25፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ሰኞ ገባ። ከዚያ 69 ቀን ስትቆጥሩ ሚያዝያ 4፣ ፋሲካ። ጀርመናዊው የሒሳብ ሊቅ ካርል ፍሬድሪክ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1800 የፋሲካን ቀን የሚያወጣ ቀመር አሳትሟል፤ ስለዚህ ከጀርመን የመጣ የሒሳብ ሊቅ ጠረጴዛችን ጋ ቢቆም እንግዳ ነገር አይሆንበትም፣ ዘመድ ያገኘ ያህል ነው የሚቆጥረው።

ሰሌዳው እንዳለቀ በሰፈራችን ደብር ለሚያስተምሩ መሪጌታ ወስጄ አሳየኋቸው።

“መሪጌታ፣ እስቲ ይሄን ይዩልኝ።”

“ምንድን ነው ልጄ? ፈትል ጀመርሽ እንዴ?”

“አበቅቴ ነው፣ አባቴ።”

ዝም ብለው ዙሪያውን ካዩ በኋላ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው መልሰው እንዝርቱን ተቀበሉኝ። ከአልቦው ተነስተው ክሩን እያዞሩ በግዕዝ ይቆጥሩ ጀመር፦ “ዐሠርቱ ወአሐዱ… ዕሥራ ወክልኤቱ… ሠለስቱ…” ቁጥሩን አይፈልጉትም፤ ጣታቸው ከዓይናቸው ቀድሞ ችንካሩ ላይ ይደርሳል። አብሮኝ የሄደው የወንድሜ ልጅ፣ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሎ ይከታተል ነበር። መጨረሻው ላይ ሲደርሱ ብድግ አለና “አሁን ለምን አሥራ ሁለት ሆነ?” አላቸው። መሪጌታ ወደሱ ሳይሆን ወደኔ ዞሩ። “ሰማሽ? ይሄን መልስ እንዳትጽፊበት። እንዲህ ብለው ይጠይቁሽ።”

ከሰሌዳው ጎን ልናስቀምጥ ያዘጋጀነውን ማብራሪያ ወረቀት ያን ዕለት አሳጠርኩት። አሁን ያለበት ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው፤ የመጨረሻው ዝላይ ለምን ተለየ? ክሩ የማይነካቸው የትኞቹ ናቸው? በጀርባው ላይ የንድፉ ልክ አለ። መልስ የለውም።

ሁለተኛ ዕቃ ቢጨመር የምመርጠው በውጭ አገር የፕሮግራሚንግ መማሪያዎች የኢትዮጵያ ማባዛት እየተባለ የሚጠቀሰውን፣ በማጋመስና በማጠፍ የሚሠራውን ዘዴ ነው። ጉድጓድ የተፈለፈለለት ገበታና አንድ እፍኝ ባቄላ ይበቃዋል። 13 በ24 ለማባዛት 13ን እያጋመሱ 13፣ 6፣ 3፣ 1፤ 24ን እያጠፉ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ ጎዶሎ ቁጥር ያለባቸውን መደዳዎች ብቻ ሲደምሩ 24፣ 96 እና 192፣ 312። ከዚህ በላይ ግን አልይዝም፤ የተጨናነቀ ጠረጴዛ ላይ ዓይን የሚያርፍበት ያጣል።

ወጪው እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መደበኛ ቡዝ ብዙ ጊዜ 3 ሜትር በ3 ሜትር ነው፤ ኪራዩ በሺህ ዶላር ቤት ይቆጠራል። ሐምሌ 2016 ላይ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ሥርዓት ከለወጠ ወዲህ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከ100 ብር በላይ ስለወጣ፣ በዚያ ላይ ኤሌክትሪኩም፣ ምንጣፉም፣ ኢንተርኔቱም ለብቻ የሚከፈልበት ቦታ ስላለ፣ ሙሉ ቡዝ ለአንድ የሥራ ቤት አይታሰብም። አሜሪካ ውስጥ በትላልቅ የስብሰባ ማዕከሎች ጭነት ከበሩ እስከ ቡዙ ለማድረስ በክብደት ያስከፍላሉ፤ በእጅ የሚገባ ዕቃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ለዚህ ነው ሰሌዳውን 45 ሳንቲሜትር ላይ ያቆምነው፤ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፣ አንዱ አንድ ኪሎ ገደማ ነው፣ 23 ኪሎ በሚይዝ ሻንጣ ደህና አድርጎ ይጫናል። በእንጨት ሣጥን አሽጎ መላክ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ሣጥኑ እስከ ውስጡ በ56 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ30 ደቂቃ ሙቀት የገባለትና ማኅተም የተደረገበት እንዲሆን ይጠየቃል፤ ተባይ እንዳይሻገር የወጣ ዓለም አቀፍ ደንብ ነው። ኮምፔንሳቶ ሣጥን ከዚህ ደንብ ነፃ ነው። ቅርፊት ያልተላጠ እንጨት ግን በጭራሽ አትያዙ፤ የያዛችሁትንም የእንጨት ሥራ ለጉምሩክ አስታውቁ።

ደግነቱ ብዙ ጉባኤዎች ከሙሉ ቡዝ ሌላ የጠረጴዛ ብቻ ኪራይ አላቸው፤ ለትርፍ ላልቆመና ለትንሽ ድርጅት የሚቀንሱም አሉ። በጥሪው ላይ ባይጻፍም ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2014 የሴኡሉ ጉባኤ ከታዳጊ አገሮች 1,000 የሒሳብ ባለሙያዎችን በድጋፍ ጋብዞ ነበር፤ እንዲህ ያለው ድጋፍ የሚሰጠው ጥናት ለሚያቀርብ ወይም ለሚሳተፍ እንጂ ዕቃ ይዞ ለሚመጣ አይደለም። አዘጋጆቹ ይህንን በር ለባለ ሙያም ቢከፍቱት እላለሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ያው ስምንትና ዘጠኝ ትልልቅ ስም ብቻ ባልታየ ነበር። ስጽፍላቸውም ይህን በትሕትና፣ ግን ሳልሸፋፍን አስቀምጫለሁ።

ሩቅ ከመሄድ በፊት ቅርብ መለማመድ አለ። በ1976 እ.ኤ.አ. ራባት ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የሒሳብ ኅብረት የሚያዘጋጀው የመላ አፍሪካ የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብራዛቪል ላይ ተካሂዷል። ከዚያም የሚቀርበን መጋቢት 5 ነው። ዩኔስኮ ማርች 14ን የዓለም የሒሳብ ቀን ብሎ የሰየመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ደብረ ብርሃን ላይ በዚያ ቀን አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ሦስት አራት ጠረጴዛ ዘርግቶ፣ ሻይ አፍልቶ፣ ስኒ ያስያዝነው እንግዳ ሰሌዳው ጋ ይቆም እንደሆነ፣ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም፣ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ማየት ይቻላል። ይህን ከሁለት የቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ጀምረነዋል።

የጠረጴዛ ኪራዩን ለብቻዬ መሸፈን ስለማልችል ከሰሜን ሸዋ አብሮኝ የሚካፈል ሰው እፈልጋለሁ። የሒሳብ ሰው ፊት የሚቆም ሥራ ይሁን እንጂ የግድ እንጨት አይሁን። አለላውን እየቆጠረች ስፌት ላይ ጥለት የምታወጣ ሴት፣ ባና ላይ መሥመር የሚያመሳስል የመንዝ ሸማኔ፣ መስቀል ላይ ሐረግ የሚጠልፍ አንጥረኛ፣ ሁሉም የሚቆጥሩት ነገር አላቸው፤ ያንን ወደ ጥያቄ የመለወጡን ሥራ አብረን እንሠራዋለን። የንግድ ፈቃድና የግብር ከፋይ ቁጥር ያስፈልጋል፤ ያለ እነሱ የውጭ ምንዛሪም የግብዣ ደብዳቤም አይንቀሳቀስም። ጠረጴዛው 1 ሜትር ከ80 ነው፤ ለሦስት ብንካፈለው ለእያንዳንዳችን 60 ሳንቲሜትር ይደርሰናል። የኔ ሰሌዳ 45 ነው፣ ይበቃኛል።